«ደመናዎቹ» ለምን መጨረሻ ወጣ? በአቴንስ የተውኔት በዓል ላይ የተመልካች ምላሽ፣ የጉዳይ ጥናት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ዓመት፣ በመጋቢት ግድም፣ አቴንስ ውስጥ የወይን አምላክ በሆነው በዲዮኒሶስ የከተማው በዓል ላይ አዳዲስ ኮሜዲዎች ተወዳደሩ። አንደኛ የወጣው የሽማግሌው ክራቲኖስ «የወይን ኮዳው» ነው። ሁለተኛ የአሜይፕሲያስ «ኮኖስ»፣ ሦስተኛ የአርስቶፋነስ «ደመናዎቹ» ሆኑ። አርስቶፋነስ ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ቢሆንም ጀማሪ አልነበረም። በ425 በ«አካርናውያን»፣ በ424 በ«ፈረሰኞቹ» አከታትሎ አንደኛ ወጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ የቀረው ክራቲኖስ ነበር። (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ስለ አንድ አዲስ ተውኔት አቀባበል ይህን ያህል ማስረጃ የተረፈበት የጥንት ጉዳይ ብዙ የለም። ማስረጃዎቹ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። የዳኞቹ ውጤት አንድ ነገር ይላል፣ ደራሲው ራሱ ሌላ ይላል፣ ዘግይቶ የተጻፈ ወሬ ደግሞ የሁለቱንም ተቃራኒ ይላል። የእኛ ግምት እነዚህ ሦስቱ የሚለኩት ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚል ነው። «ተውኔቱን ሕዝቡ አልወደደውም» ብሎ መዝጋት የሚቀናው ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ስለሚያቦካቸው ነው።

በዓሉና ወጪው

የከተማው ዲዮኒሲያ የሚውለው ኤላፌቦሊዮን በሚባለው ወር ነው። ባሕሩ ለመርከብ የሚከፈትበት ወቅት ስለሆነ ነጋዴው፣ የተባባሪ ከተሞች መልእክተኛውና ግብር አምጪው ሁሉ አቴንስ ይገኛል። አርስቶፋነስ በ425 እና በ424 ያሸነፈበት የሌናያ በዓል ግን በክረምት የሚውል፣ የከተማው ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቅበት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ426 «ባቢሎናውያን» የተባለው ተውኔቱ በዲዮኒሲያ ሲታይ፣ ክሌዎን የተባለው ኃይለኛ ፖለቲከኛ «በባዕዳን ፊት ከተማውን አዋረደ» ብሎ ምክር ቤቱ ዘንድ ከሶታል። በሌናያ ላይ ያስፈነደቀ ቀልድ በዲዮኒሲያ ያንኑ ያህል ያስቃል ማለት አይቻልም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው። በበጋው አጋማሽ ሥልጣን የሚረከበው አርኮን፣ ማለትም የከተማው ሹም፣ ከደራሲዎቹ ጥያቄ ተቀብሎ «ኮረስ» (በተውኔቱ ውስጥ የሚዘምርና የሚጨፍር ቡድን) ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ ለተፈቀደለት ደራሲም ወጪውን የሚሸፍን ባለጸጋ ይመደባል። የኮሜዲ ኮረስ 24 ሰው ነው። ማሠልጠኛው፣ ልብሱ፣ ጭምብሉ ሁሉ በባለጸጋው ኪስ ነው። የፍርድ ቤት ንግግር ጸሐፊው ሊስያስ የጻፈለት አንድ ተከራካሪ በ402 ለአንድ የኮሜዲ ኮረስ 1600 ድራክማ እንዳወጣ ለፍርድ ቤት ተናግሯል፤ ከዚያ ቀደም ለአንድ ትራጀዲ ያወጣው 3000 ነበር። በዚያ ዘመን መጨረሻ የኤሬክቴዮንን ቤተ መቅደስ የሠራ ባለሙያ የቀን ደመወዙ 1 ድራክማ ነው። ስለዚህ ርካሹ ኮሜዲ እንኳ የአንድ ግንበኛ ከአራት ዓመት በላይ የሚሆን የዕለት ገቢ ይበላል። ይህን ያህል ያወጣ ሰው ደግሞ ወዳጅ ዘመዱን ይዞ ነው የሚመጣው። በጭብጨባው ውስጥ የተከፋይና የወዳጅ ድርሻ እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

የሚታዩበት ቅደም ተከተል የሚወሰነው በዕጣ ነው። ይህም ደራሲዎችን ያሳስብ ነበር። አርስቶፋነስ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ተውኔት ዕጣው መጀመሪያ ስለደረሰው ዳኞቹ የኋለኛውን ብቻ እንዳያስታውሱ በኮረሱ አፍ ይማጸናል።

የእንጨቱ ወንበር

ትያትር ቤቱ ከአክሮፖሊስ ኮረብታ በስተደቡብ ያለ ተዳፋት ነው። የምናውቀው የድንጋይ መቀመጫ የተሠራው በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ነው፤ በ423 የነበረው የእንጨት አግዳሚ ነው። ፕላቶ ከ30000 በላይ ሰው ይላል፤ ይህ የአነጋገር ማጋነን ነው። ቁፋሮውን ያጠኑ ሰዎች ለዚያ ዘመን የሚሰጡት ግምት ከ5000 እስከ 7000 ነው። መግቢያው 2 ኦቦል ነበር፤ የድራክማ ሲሶ መሆኑ ነው። የፊት ወንበሮች የዲዮኒሶስ ካህን፣ የሹማምንት፣ የጦር አዛዦችና የእንግዳ መልእክተኞች ናቸው።

ይህ ተመልካች ዝም ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም። ያልተዋጣለትን ተዋናይ ከመድረክ ለማስወረድ አግዳሚውን በተረከዝ ይደበድባል፤ ያፏጫል፤ በምላሱ እንደ ዶሮ ይንቋቋል። ተረከዙን ልብ በሉ። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ድምፁ እዚያው ይቀር ነበር፤ ባዶ ሆዱ አየር የያዘ እንጨት ግን ሁለት መቶ ሰው ሲመታው ሁለት ሺህ ያህል ይሰማል። ጥቂት የተደራጁ ሰዎች የሕዝብ ቁጣ የሚመስል ነገር መፍጠር ይችላሉ ማለት ነው።

የበለጠ የሚታመነው ጸጥተኛው ምልክት ነው። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጋት አንዲት ማስታወሻ አለች፦ ሰው ትያትር ቤት ውስጥ ጣፋጭ የሚበላው በብዛት ተዋናዮቹ ደካማ ሲሆኑ ነው። ማንም አስቦበት አያኝክም፤ ወገንተኝነትም የለበትም። ዛሬም የስልክ መብራት በአዳራሹ ውስጥ መብዛት ከጭብጨባው ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

ሌላም አለ። በ414 በቀረበው «ወፎቹ» ውስጥ ኮረሱ ለተመልካቹ ክንፍ ቢኖርህ ኖሮ ትራጀዲው ሲሰለችህና ሲርብህ በርረህ ቤትህ ምሳ በልተህ ለእኛ ትመለስ ነበር ይለዋል። ከዚህ የምንረዳው ኮሜዲው ከትራጀዲዎቹ በኋላ፣ ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ በጠንካራ እንጨት ላይ ተቀምጦ ከዛለ በኋላ መምጣቱን ነው። ውስብስብ ክርክር ይዞ ለሚመጣ ኮሜዲ ይህ ሰዓት አይመችም።

አሥሩ ዳኞችና አምስቱ ሰሌዳዎች

ውጤቱን የሚሰጠው ሕዝቡ አይደለም። ምክር ቤቱ ከአሥሩ የአቴንስ ነገዶች የተመረጡ ሰዎችን ስም በአሥር እንስራ ይከታል፤ እንስራዎቹ ይታተማሉ፤ ከበዓሉ በፊት አክሮፖሊስ ላይ ይጠበቃሉ። ማኅተሙን መንካት በሞት ያስቀጣል፤ ቢሆንም ደፍሮ የከፈተ እንደነበር ኢሶክራጥስ የጻፈው የክስ ንግግር ይነግረናል። በበዓሉ ቀን ከእያንዳንዱ እንስራ አንድ ስም ይወጣል፣ አሥሩ ይምላሉ፣ አይተው ሲጨርሱ ደረጃውን በሰሌዳ ይጽፋሉ። ከዚያ ከአሥሩ ሰሌዳ አምስቱ ብቻ በዕጣ ይወጡና ውጤቱ በእነሱ ይወሰናል። ሊስያስ የጻፈለት ሌላ ሰው ስለ ባላንጣው ሲናገር «እሱ ጽፎ ነበር፣ ሰሌዳው ግን አልወጣም» ብሏል። ስለ ዝርዝሩ ምሁራን ይከራከራሉ፤ አምስት ዳኛ የሚለው ቁጥር ግን በግሪኮቹ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ጉቦን ማክሸፉ ነው። የማን ሰሌዳ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ግማሹን በከንቱ ይበትናል። ጉዳቱን ግን በወረቀትና በእርሳስ ማየት ይቻላል። ከአሥር ሰሌዳ አምስቱን የመምረጫው መንገድ 252 ነው። ሁለት ተውኔት ብቻ ተወዳድረው አንዱን 6፣ ሌላውን 4 ዳኛ መርጦታል እንበል። ከ252ቱ በ66ቱ፣ ማለትም በመቶ 26 ያህሉ፣ አሸናፊ የሚሆነው ጥቂት የመረጡት ተውኔት ነው። ልዩነቱ 7 ለ 3 ሲሆን ይህ ዕድል ወደ በመቶ 8 ይወርዳል። 8 ለ 2 ከሆነ ብቻ ዕጣው ሊገለብጠው አይችልም።

አሁን ወደ «ደመናዎቹ» እንምጣ። ከአሥሩ ዳኞች ሦስቱ አንደኛ ብለውት ነበር ብለን ብናስብ፣ ይህ ከሦስት ተወዳዳሪ ለአንዱ የሚደርስ መደበኛ ድርሻ ነው። ከእነዚያ ሦስት ሰሌዳዎች አንድም ያለመውጣቱ ዕድል ከ252 21 ነው። አንዱ ብቻ የመውጣቱ 105 ነው። ሲደመር 126፤ ልክ ግማሽ። እንግዲህ ጥሩ ድጋፍ የነበረው ተውኔት ሳንቲም የመወርወር ያህል በሆነ ዕድል አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ወይም ባዶ እጁን ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ መውጣቱን የአዳራሹ ፍርድ አድርጎ ማንበብ ከሰሌዳው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

ዳኞቹም ቢሆኑ ከሕዝቡ መሐል የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ፕላቶ በ«ሕግጋት» ውስጥ ዳኛ ለተመልካቹ መምህር እንጂ ተማሪ መሆን የለበትም፣ በጩኸት ተደናግጦ መፍረድ የለበትም ብሎ አጥብቆ መጻፉ በተግባር የሚሆነው ተቃራኒው ስለነበረ ነው። የባለጸጋውን ፖለቲከኛ የአልኪቢያደስን ጥጋብ የሚወቅስ አንድ የጥንት ንግግር ደግሞ እሱ ባላንጣውን ባለጸጋ በሕዝብ ፊት መትቶ ሳለ ዳኞቹ ገሚሱ ፈርተው፣ ገሚሱ ሊያስደስቱት ብለው ድሉን እንደሰጡት ይናገራል።

ሽማግሌው መልስ ሰጠ

የ423ን ውጤት ለመረዳት ከ«ደመናዎቹ» በፊት መታየት ያለበት አጠገቡ የቆመው ተውኔት ነው። በ424 «ፈረሰኞቹ» ላይ አርስቶፋነስ ክራቲኖስን በሕዝብ ፊት አሳንሶታል። ያ ሰው ድሮ ምስጋናው እንደ ጎርፍ ሲፈስ ዋርካውንም ጠላቱንም ከነሥሩ እየነቀለ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ግን መቃኛው እንደወለቀ፣ መገጣጠሚያው እንደላላ በገና ሆኖ፣ ጠምቶት፣ እየቃዠ ይዞራል፤ ስለ ድሮ ድሉ ሲባል በመንግሥት ወጪ እየጠጣ ከፊት ወንበር ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ማላገጥ የሐዘኔታ ልብስ ለበሰ ማለት ነው። ሲነገረው ሽማግሌ የሚያስቀር ዓይነት ንግግር ነው።

ክራቲኖስ አልቀረም። «የወይን ኮዳው» ሙሉው አልደረሰንም፤ ቁርጥራጭና የጥንት ተንታኞች ማስታወሻ ግን ታሪኩን ይነግሩናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ክራቲኖስ ራሱ ነው። ሚስቱ «ኮሜዲ» ትባላለች፤ ባሏ ትቷት «ስካር» ከምትባል ሴት ጋር ስለሚውል ልትፈታው፣ ልትከሰው ተነሥታለች። ወዳጆቹ ሽማግሌ ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ የወይን ዕቃውን ሁሉ ሰብሮ ሊያስጥለው ያስባል። ከተረፉት መስመሮች አንዱ ደግሞ የአርስቶፋነስን ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል፦ የቃሉ ጎርፍ ምንጩ ያገሳል፣ አፉ አሥራ ሁለት ቦይ ነው፣ ካልተደፈነ አገሩን ሁሉ ያጥለቀልቃል።

ለተመልካቹ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባለፈው ዓመት ስድቡን የሰማ ሰው ዘንድሮ ተሰዳቢው ስድቡን እንደ ልብስ ለብሶ፣ «አዎ ሰካራም ነኝ» ብሎ ሲያስቅ ያያል። ቀልዱ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ግማሹን የጻፈለት ባላንጣው ነው። አዲስ ተውኔት በፌስቲቫል ላይ ብቻውን አይታይም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚታየው። በዚያ ዓመት ከዚህ ታሪክ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ለማንም ከባድ ነበር።

ሁለተኛ የወጣው ተውኔትም ሌላ ችግር ፈጥሯል። ኮኖስ የሶቅራጥስ የሙዚቃ መምህር ነው፤ የአሜይፕሲያስ ኮረስም «አሳቢዎች» ነበሩ። በአንድ በዓል ሁለት ደራሲ ከአንድ ሰው ዙሪያ ተነሥተዋል። ፈላስፋ ላይ መሳቅ የፈለገ ዳኛ ድምፁ ለሁለት ተከፈለ፤ የሰካራሙ ሽማግሌ ቀልድ ግን ተጋሪ አልነበረውም።

መድረኩ ላይ የታየው

ስትሬፕሲያዴስ የተባለ ገበሬ ልጁ በፈረስ ፍቅር ዕዳ አስገብቶታል። አበዳሪዎቹን በክርክር ለመካድ ከሶቅራጥስ «የማሰቢያ ቤት» ይገባል። እዚያ ተማሪው አንድ ትልቅ ግኝት ይነግረዋል፦ ቁንጫ ከሰው ቅንድብ ወደ ሶቅራጥስ ራስ ዘለለች፤ ስንት የእግሯን ርዝመት ያህል እንደዘለለች ለማወቅ ሰም አቅልጠው እግሯን ነከሩት፣ ሲደርቅ ጫማ ሆነ፣ አወለቁና ርቀቱን በዚያ ለኩ። ሶቅራጥስ ራሱ የሚገባው በማንሻው ማሽን ተንጠልጥሎ፣ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ፀሐይን እየመረመርኩ በአየር ላይ እሄዳለሁ ይላል። ይህ ማንሻ አደገኛ ዕቃ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ«ሰላም» ውስጥ ተዋናዩ በአየር ላይ ሆኖ ከገጸ ባሕርዩ ወጥቶ «ማሽን ሠሪው፣ እባክህ ተጠንቀቅ» ብሎ ይጮኻል። ቀልድ ነው፤ ግን ገመዱ የሚንገጫገጭ ባይሆን ኖሮ ሰዉ አይስቅም ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተውኔቱ ጉልበት ግልጽ ነው። የሚደክመው በኋላ ነው። ሽማግሌው ትምህርቱ አልገባ ስላለው ልጁን ይልካል፤ ልጁ ተምሮ ይመለስና አባቱን ይደበድባል፤ መደብደቡ ተገቢ መሆኑንም በክርክር ያስረዳል። በደረሰን የተከለሰ ቅጂ አባት ተናዶ ትምህርት ቤቱን ያቃጥላል፤ በ423 የታየው መጨረሻ ግን ሌላ ሳይሆን አልቀረም። የዘመኑ ኮሜዲ ልማድ ግን ሌላ ነው፤ ዋናው ሰው እብድ የሚመስል ሐሳቡን አሳክቶ በድግስና በዘፈን ይጨርሳል። «አካርናውያን» የሚያልቀው በእንዲህ ያለ ጠጪ ድል ነው። «ደመናዎቹ» ተመልካቹ የሚደግፈው ሰው አልሰጠውም። አባት አጭበርባሪ፣ ልጅ ባለጌ፣ መምህር ቀጣፊ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ግብዣውን የጠበቀ ሰው ግብዣውን ሳያገኝ ተሸኝቶ ይሆናል።

ጊዜውም አልረዳው ይሆናል። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ424 ክረምት መግቢያ፣ አቴንስ በዴሊዮን ተሸንፋ ወደ 1000 የሚጠጋ ወታደር አጥታለች። ሶቅራጥስ እዚያ ተሰልፎ ነበር፤ ሲያፈገፍግ ያሳየው እርጋታም ተወርቶለታል። በኤላፌቦሊዮን 14ኛ ቀን፣ ከበዓሉ ጋር በተያያዙት ቀናት፣ የአንድ ዓመት ተኩስ አቁም ከስፓርታ ጋር ተደርጓል። ዕፎይ ማለት ለሚፈልግ ከተማ የቤት ውስጥ የወይን ጠብ ከአባት ደብዳቢ ልጅ ይቀላል።

ሁለት ምስክሮች

ኤልያኖስ የተባለው ጸሐፊ፣ ከክስተቱ 600 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ሌላ ነገር ይተርካል። ተመልካቹ ከዚያ በፊት ባልታየ ሁኔታ አጨበጨበ፣ ዳኞቹንም አርስቶፋነስን ከላይ ጻፉ ብሎ አዘዘ፤ ሶቅራጥስ ደግሞ የሚቀለድበት ማን እንደሆነ የማያውቁት የውጭ እንግዶች እንዲያዩት ተነሥቶ ቆመ ይላል። ከተውኔቱ ጋር የተላለፈ ሌላ የጥንት ማስታወሻ ድሉን የከለከሉት አልኪቢያደስና ጓደኞቹ ናቸው ይላል። ሁለቱም ጭብጨባውንና ሦስተኛነቱን ማስታረቅ የሚሞክሩ ይመስላሉ። ኤልያኖስን በዝርዝሩ አናምነውም፤ ተረቱ በጣም ያማረ ነው። ነገር ግን ጭብጨባና ሰሌዳ ሊለያዩ ይችላሉ የሚለው ሐሳቡ ከላይ ካሰላነው ጋር አይጋጭም።

ደራሲው ራሱ በበኩሉ በ422 በ«ተርቦቹ» ውስጥ ተመልካቹን አምና አዲስ ሐሳብ ቢዘራ ከዳችሁት ብሎ ይወቅሳል። በኋላ በከለሰው የ«ደመናዎቹ» ቅጂ ደግሞ በቀጥታ ያነጋግራቸዋል፦ ብልህ ተመልካቾች ናችሁ ብዬ፣ ከኮሜዲዎቼ ሁሉ ጥበበኛውንና ከሁሉ በላይ ያደከመኝን ለእናንተ አስቀደምኩ፤ ሆኖም በተራ ሰዎች ተሸንፌ ወጣሁ። የቆዳ ብልት አላንጠለጠልኩም፣ በዱላ የሚማታ ሽማግሌ የለኝም፣ ችቦ ይዞ እየጮኸ የሚሮጥ የለም እያለም ይኩራራል። ይህን ያነበበ ሰው መጨረሻው ገጽ ላይ ችቦና ጩኸት ሲያገኝ ፈገግ ይላል።

የደራሲ ቅሬታ መረጃ ነው፤ ግን የሚነግረን ደራሲው ምን ጠብቆ እንደነበር ነው። አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ለማወቅ እሱን መጠየቅ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ቀጥሎ የሠራውን ማየት ነው። «ተርቦቹ» መግቢያው ላይ ለተመልካቹ የሚያቀርበው ቃል ልክን የማወቅ ነው፦ ትንሽ ታሪክ ነች፣ ቁምነገር አላት፣ ከእናንተ በላይ ብልህ አይደለችም፣ ከርካሽ ቀልድ ግን ትሻላለች። መጨረሻውም ከባድ ጭፈራ ነው። በአደባባይ ሕዝቡን እየወቀሰ በተግባር ግን ሕዝቡ የጎደለበትን ግብዣ መለሰለት።

ሳይታይ የቀረው ምላሽ ግን የዘገየው ነው። በ399 ሶቅራጥስ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ፕላቶ እንደጻፈው፣ ከአሁኖቹ ከሳሾች ይልቅ የሚያስፈሩት የድሮዎቹ መሆናቸውን ተናግሯል፤ በአርስቶፋነስ ኮሜዲ ሶቅራጥስ የተባለ ሰው ተንጠልጥሎ በአየር እሄዳለሁ ሲል አይታችኋልና ይላል። 24 ዓመት አልፏል። ዳኞቹ ሦስተኛ ያደረጉት ተውኔት ውስጥ ያለች አንዲት ቅርጫት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀርታለች።

ይህን ጉዳይ ይዞ ፌስቲቫል ለሚያዘጋጅ ሰው

ከጉዳዩ የሚወሰድ አሠራር አለ። አሥር ዳኛ ካለ አሥሩንም ሰሌዳ መቁጠር ነው፤ ጉቦ የሚያሰጋ ከሆነ የዳኞቹን ማንነት እስከ መጨረሻው ሰዓት መደበቅ ዕጣ ከማውጣት ይሻላል። የአዳራሹን ምላሽ የሚመዘግብ ሰው ከዳኞቹ ሌላ መሆን አለበት፤ የጽሑፉን ቅጂ ይዞ ከጎን፣ ከመሐል ረድፍ ይቀመጥና ሳቁን፣ ሳሉን፣ የስልክ መብራቱን፣ ተነሥቶ የወጣውን ሰው በየገጹ ኅዳግ ላይ ምልክት ያደርጋል። የመጀመሪያው ቀን ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ የደራሲው ወዳጆች የሚሞሉት ያን ቀን ነው። መውጫ በር ላይ የሚሰጠው ወረቀት «ወደዱት?» ብሎ ከጠየቀ ሁሉም በይሉኝታ አዎ ይላል። «የት ላይ ሰለችዎት?» እና «የማንን ወገን ይዘው ነበር?» ቢባል ግን መልስ ይገኛል። ሁለተኛዋ ጥያቄ «ደመናዎቹ» ላይ ብትጠየቅ ኖሮ ብዙ ወረቀት ባዶ ይመለስ ነበር ብለን እንገምታለን። በአንድ ጭብጥ ላይ የተጻፉ ሁለት ተውኔቶች ከቀረቡ ደግሞ መራጩ ኮሚቴ አንዱን ለሚቀጥለው ዙር ቢያቆየው ለሁለቱም ይጠቅማል።

ጽሑፉን ዛሬ መድረክ ላይ ማውጣት ለሚያስብ አዘጋጅ የሚቀር ሥራ አለ። የደረሰን ቅጂ የ423ቱ አይደለም፤ ከ420 እስከ 417 ባለው ጊዜ የተከለሰና እንደገና ሳይታይ የቀረ ነው። ጥንታዊው ማስታወሻ ሙሉ በሙሉ ተለወጡ የሚላቸው ክፍሎች ሦስት ናቸው፦ የደራሲው ንግግር፣ የሁለቱ ክርክሮች (ሰው ሆነው መድረክ ላይ የሚገቡት ትክክለኛውና ጠማማው ክርክር) ፍልሚያ፣ የማቃጠያው መጨረሻ። ክለሳው ሳያልቅ ነው የቆመው። በአዲሱ ንግግር ውስጥ ክሌዎን ወድቋል፤ ጥቂት መስመር ወረድ ሲባል ግን ገና በሕይወት አለና እንዲቀጣ ይጠየቃል። ክሌዎን የሞተው በ422 ስለሆነ ሁለቱ መስመሮች አብረው ሊነገሩ አይችሉም፤ አዘጋጁ አንዱን መቁረጥ አለበት። ከ888ኛው መስመር በኋላ፣ ሁለቱ ክርክሮች ከመግባታቸው በፊት፣ የኮረስ ዝማሬ መኖር ነበረበት፤ ጽሑፉ ላይ የለም። ሶቅራጥስን የሚጫወተው ሰው ለሌላ ሚና ልብስ የሚቀይርበት ጊዜ እዚያ ስለሚያስፈልግ ቦታውን በሙዚቃ ወይም በጭፈራ መሙላት ግድ ይላል፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።